ከድሮው ናስን፣ ከአዲሶቹ ኬንድሪክን
ከኮምቦልቻ ሆነው ከቀደሙትና ከአሁኖቹ የሂፕ ሆፕ አልበሞች የትኛውን እንደምናስበልጥ ለጠየቁን ወንድማችን፣ እኔ ሳላመነታ የማስቀድመው አሜሪካዊው ራፐር ናስ ገና በ20 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን «ኢልማቲክ» ነው። የሦስተኛው ዘፈን ማብቂያ ላይ የጃዝ ሙዚቀኛው አባቱ ኦሉ ዳራ የሚነፋውን ጥሩምባ ልብ ብለው ያድምጡ። ትዝታና ባቲን እየሰማን እዚህ ደሴ ላደግን ሰዎች ደግሞ፣ ናስ ከሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የሚከፈትበት ዘፈን የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» መሠረት አድርጎ መሠራቱ ለብቻው የሚያኮራ ነው (ጆሮ ያለው ሰው ገና ሲጀምር ይለየዋል)። ከአዲሶቹ ምርጫዬ ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ታዋቂውን የአሜሪካ የፑሊትዘር ሽልማት ያስገኘለት «ዳም» ቢሆንም፣ ጃዝ የበዛበትን እ.ኤ.አ. የ2015ቱን «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» አስበልጣለሁ።