ከሸመደድነው ቃል ባሻገር፦ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ወጣቶች

ውድ ተማሪዎች፣

ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የመስኖ ቦይ መርምሬ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዝዤ ነበር። ቦዩ በብዙ ቦታ ተሰነጣጥቆ ውሃው ወደ አፈሩ ይሰርግ ነበር፤ ለዓመታትም ዞር ብሎ ያየውና የጠገነው ሰው አልነበረም። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ ፈልጌ ከቦዩ የሚሰርገው ውሃ «ኔግሊጅብል» ነው ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን በተማሪነቴ ከመዝገበ ቃላት ላይ «ችላ የሚባል» ከሚል ፍቺ ጋር ሸምድጄው ስለነበር፣ ችላ የተባለና ማንም ያላሰበበት ማለት መስሎኝ ነበር። ሪፖርቱን ያነበቡት አለቃዬ ግን የተረዱት ቃሉ በእርግጥ የሚለውን ነው፦ የሚሰርገው ውሃ ከቁጥር የማይገባ ኢምንት ስለሆነ ሊያሳስበን አይገባም። ጥገናው ከዓመቱ ዕቅድ ሊሰረዝ ጥቂት ሲቀረው ጠርተው ስለ ስንጥቆቹ ጠየቁኝ። ያየሁትን በአማርኛ አንድ በአንድ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው «ታዲያ እዚህ የጻፍከው ምንድን ነው?» አሉኝ።

በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የሰዋስው ስህተት አልነበረም። ግሡ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፣ የፊደል ግድፈት የለበትም፣ የእንግሊዝኛ መምህሬ ቢያዩት ሙሉ ነጥብ ይሰጡኝ ነበር። አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ሰዋስው የተበላሸበት ጽሑፍ አንባቢውን ያጠራጥረዋል፤ ጸሐፊውን መልሶ እንዲጠይቅም ያስገድደዋል። አምሮና ተስተካክሎ የተጻፈ ስህተት ግን ማንንም ሳያጠራጥር ያልፋል።

ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ የብዙ ባለሙያዎችን ሪፖርትም አንብቤ አርሜያለሁ። ደጋግሜ የማገኘው ችግር ልጆቹ ሰዋስው አለማወቃቸው አይደለም፤ ሕጉን ከእኔ አሳምረው የሚዘረዝሩ አሉ። ችግሩ የሚጽፉት እንግሊዝኛ የራሳቸው አለመሆኑ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ከመምህር ማስታወሻ፣ ከቀድሞ ሪፖርት ተቆራርጦ የተለቀመ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ጠቁሜ «ይህን በራስህ ቃል ንገረኝ» ስል ዝምታ ይሆናል። እንግሊዝኛ በዩኒቨርሲቲ እንደ ሌላው ኮርስ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ትምህርት ሁሉ የምትቀበሉበት ዕቃ ነው። ዕቃው ሲያፈስ የሚፈሰው እንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪውም፣ ሕጉም፣ ሕክምናውም ነው።

ሽምደዳ ከስንፍና የሚመጣ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሃያ ገጽ የተሰጠው ተማሪ በየመስመሩ ሦስት የማያውቀው ቃል ሲገጥመው፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ አንብቦ ለመጨረስ ሌሊቱ አይበቃውም። ፈተናው ግን ነገ ነው። ፈተናውም ብያኔ ጻፍ የሚል ከሆነ የሸመደደው ያልፋል፣ ለመረዳት የታገለው ይወድቃል። ይህን መንገድ እኔም ሄጄበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። የምለምናችሁ ፈተና በዚህ መንገድ ማለፋችሁን ቋንቋ እንደማወቅ እንዳትቆጥሩት፣ ጎን ለጎንም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ለሌላው መንገድ እንድትሰጡ ነው።

ሌላው መንገድ የሚጀምረው አንድን ዓረፍተ ነገር በትክክል ከማንበብ ነው። በአማርኛ «ውሃ በአፈር ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት በአፈሩ ቅንጣቶች መጠን ይወሰናል» እንላለን። ገላጩ ሐረግ ይቀድማል፣ የሚገለጸው ስም «ፍጥነት» ይከተላል፣ ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥቶ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሐሳብ ሲጽፍ «ፍጥነት» የሚለውን ስም መጀመሪያ ያስቀምጣል፤ ውሃ በአፈር ውስጥ የሚያልፍበት መሆኑን ከስሙ በኋላ ይገልጻል፤ ከዚያ ግሡን ያመጣና በምን እንደሚወሰን ይናገራል። ስለዚህ ቃል በቃል እየተረጎመ የሚያነብ ተማሪ ግሡ ላይ ሲደርስ በቅርብ የሚያገኘው ስም «አፈር» ነው፤ የሚወሰነውም አፈሩ ይመስለዋል። እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልተረዳውም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ በቅድሚያ ዋናውን ግስ ፈልጋችሁ አስምሩበት፤ ቀጥላችሁ የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱና በመካከል የገባውን ገላጭ ሐረግ በእርሳስ በቅንፍ ውስጥ ክተቱት። ሲጀመር አድካሚ ነው፤ እየቆየ ግን ዓይናችሁ ያለ እርሳስ ይሠራዋል።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ ስሞች ያለ ምንም አያያዥ ተደርድረው ሲመጡ ነው። «ሶይል ሞይስቸር ሜዠርመንት ኢረር» የሚል ቢገጥማችሁ ከመጨረሻው ጀምሩ፦ ስህተት ነው፤ የምን ስህተት? የልኬት። የምን ልኬት? የእርጥበት። የምን እርጥበት? የአፈር። አማርኛችን በ«የ» የሚያያይዘውን እንግሊዝኛ በቦታ ቅደም ተከተል ብቻ ስለሚያሳይ፣ የሳይንስ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ይህን መፍታት ካልቻለ ርዕሱን እንኳ አይረዳም።

ንባብ ብቻውን ግን ጸሐፊ አያደርግም። እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ልምምድ በጣም የቆየ ነው፤ የፈጠሩትም እንግሊዝኛ ለመማር አይደለም። ሮጀር አስከም የሚባል እንግሊዛዊ መምህር፣ በኋላ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ተብላ የነገሠችውን ልዕልት ያስተማረ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ በ1570 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው ላቲን የሚማር ልጅ የላቲኑን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ፣ ጥቂት ቆይቶ ዋናውን ሳያይ የራሱን እንግሊዝኛ ወደ ላቲን እንዲመልስ፣ ከዚያም ሁለቱን ላቲኖች ጎን ለጎን አድርጎ እንዲያስተያይ ይመክራል። በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ራሳቸው ከፍተኛ ትምህርት የሚማሩት በባዕድ ቋንቋ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው፤ አይዛክ ኒውተን እንኳ የእንቅስቃሴ ሕጎቹን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በላቲን ነው። የራስ ባልሆነ ቋንቋ መማር የእናንተ ብቻ ዕጣ፣ ከሰው ማነሳችሁንም የሚያሳይ ምልክት አይደለም።

እኔ ይህን እንዲህ ነበር የማደርገው። ማታ ከሙያዬ መጽሐፍ ስድስት ወይም ሰባት መስመር ያለው አንድ አንቀጽ እመርጣለሁ። እስኪገባኝ አነበውና ለሰው የማስረዳ ያህል በተስተካከለ አማርኛ እጽፈዋለሁ። በአማርኛ መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነውና ተመልሼ አነበዋለሁ። በማግስቱ መጽሐፉን ዘግቼ አማርኛውን ብቻ እያየሁ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቼ የእኔንና የደራሲውን አስተያያለሁ። ልዩነቱ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። ለምሳሌ እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ከሚለው ግስ በኋላ «አባውት» እናስገባለን፤ እንግሊዝኛው ግን ግሡን በቀጥታ ከጉዳዩ ጋር ያያይዘዋል። ብዙ ጥናቶች ለማለት «ሪሰርች» የሚለውን ቃል እናበዛለን፤ በአካዳሚ ጽሑፍ ግን ቃሉ እንደ ውሃና እንደ አየር የማይቆጠር ስም ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ይህን ከሕግ መጽሐፍ አንብቤው አልያዝኩትም፤ ራሴ ተሳስቼ ከትክክለኛው ጋር ጎን ለጎን ሳየው ግን አልረሳሁትም። «ዘ» የሚለው ቃል የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ በተመለከተ ብዙ ዓመት ይወስዳልና ለእሱ ብላችሁ መጻፍ አታቁሙ። ትርጉም የሚያፋልሰው ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ የውጤት ግሦች ናቸው። የምርምር ውጤትን ስንገልጽ «ፕሩቭ» ካልን አረጋገጠ ማለታችን ነው፤ «ሾው» ካልን አሳየ፤ «ሰጀስት» ካልን ደግሞ ወደዚያ ይጠቁማል፣ ሌላ ማስረጃ ሲመጣ ግን ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ወጣት ጸሐፊዎች ሦስቱንም እንደ ተመሳሳይ ቃል እያፈራረቁ ይጠቀሙባቸዋል፤ ድግግሞሽ ለማስወገድ ብቻ «ሰጀስት» የነበረውን «ፕሩቭ» የሚያደርጉም አሉ። አሥር ናሙና የወሰደ ሰው አረጋገጥኩ ካለ የዋሸው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የቃሉ ክብደት ከማስረጃው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት፤ እዚህ ላይ ቋንቋና ሙያዊ ሐቀኝነት አንድ ይሆናሉ።

ስለ ቃላት ብዛት የሚጨነቁ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያማክሩኛል። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር 2,000 ያህል ቃላት የያዘ ነው። አቬሪል ኮክስሄድ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በአካዳሚ ጽሑፎች ውስጥ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይታ አሳትማለች፤ እነዚህ ብቻ ከአንድ የአካዳሚ ጽሑፍ ቃላት አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ቤተሰብ የተባለው ከአንድ ሥር የወጡት ሁሉ አብረው ስለሚቆጠሩ ነው፤ «አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ» እና «አናሊቲካል» አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሙያ ቃላትን መምህሩ ክፍል ውስጥ ይተነትናቸዋል፤ «ኮንሲስተንት»፣ «ሳብሲኩዌንት»፣ «ኮንቨርስሊ» የሚሉትን ግን ሁሉም ያውቃቸዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አያስረዳችሁም፤ የምትሰናከሉትም በእነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቃላት መሸምደድ ካስፈለገ ከነዚህ ጀምሩ፤ ሆኖም አንድን ቃል ካነበባችሁበት ዓረፍተ ነገር ነጥላችሁ በአንድ የአማርኛ ፍቺ ብቻ በደብተር አትጻፉ። እኔ «ኔግሊጅብል» የሚለውን አንድ ጊዜ እንኳ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ያ ስህተት ባልተፈጠረ ነበር።

ስለ ንግግር አጭር ነገር ብቻ ልበል። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የቃሉ ጫና የት ላይ እንደሚያርፍም አዳምጡ። «ፎቶግራፍ» ሲባል ጫናው መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፤ «ፎቶግራፈር» ሲባል ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል፤ ጫናው ቦታውን ከሳተ አድማጩ ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ቃሉን ላይለየው ይችላል። ስትሳሳቱ የሚስቅባችሁ ጓደኛ ካለ ሌላ የልምምድ ጓደኛ ፈልጉ፤ በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ዛሬ ደግሞ እኛ ያልነበረን ነገር በእጃችሁ አለ፤ የፈለጋችሁትን በሰከንዶች ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። አትንኩት አልላችሁም። ነገር ግን ያንን የመስኖ ሪፖርት ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ዓረፍተ ነገሬን አሳምሮ «ኔግሊጅብል» የሚለውን ግን እንዳለ ሊተወው ይችል ነበር፤ ቦዩን ያየሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለምና። በቅድሚያ ራሳችሁ ጻፉ። ከዚያ ጽሑፋችሁን ስጡትና እንዲያሳምርላችሁ ሳይሆን የተረዳውን በአማርኛ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የነገራችሁ ልትሉት ከፈለጋችሁት ጋር ካልገጠመ የትኛው ቃል እንዳሳተው ፈልጋችሁ ራሳችሁ አርሙ። እኔ ለዚህ አለቃዬ ነበሩኝ።

እሳቸው በዚያ ቀን አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «አሁን በአማርኛ የነገርከኝን ብቻ ጻፈው፤ ከዚያ ውጭ አንድም ቃል አትጨምር» አሉኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ስንጥቆቹ በየትኛው የቦዩ ክፍል እንደሚገኙ፣ ሁለተኛው ከቦዩ ራስ የገባው ውሃ እስከ መጨረሻው ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ሦስተኛው ቦዩ ሳይጠገን ስንት ዓመት እንደቆየ የሚናገሩ ነበሩ። ቃላቱ ቀላል ነበሩ፤ እያንዳንዱ ምን ለማለት እንደገባ ብጠየቅ መመለስ እችል ነበር። ጥገናው ከዕቅዱ ሳይሰረዝ ቀረ።