መልስ፦ ማየት የተሳነው ተማሪ ከክፍሉ ጋር እንዲሮጥ

ማየት የተሳነውን ተማሪዎን በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚያሳትፉ ከጅማ ለጠየቁኝ መምህር፦ ተማሪዎ ዳር ተቀምጦ መዋል የለበትም፤ ከጓደኛው ጋር ይሩጥ። ሁለቱም የአንዲት አጭር የጨርቅ ገመድ ጫፍና ጫፍ ይያዙ። እጃቸው ላይ አይታሰር፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው መልቀቅ አለበት። አስቀድመው ሜዳውን በእርምጃ ይዙሩት። መሪው፣ ማለትም የሚያየው ጓደኛ፣ ከጎን ሆኖ “ወደ ግራ”፣ “ጉብታ” እያለ ቀድሞ ይናገር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ በዓይነ ስውራን የ1500 ሜትር ሩጫ ለኢትዮጵያ ወርቅ ያስገኘችው አትሌትም የሮጠችው ከመሪ ጋር ነው። ይህን ለክፍሉ በሙሉ ይንገሩ!

አንድ ጥንቃቄ፦ የክፍሉን ፈጣን ልጅ መሪ አያድርጉ። ማሸነፍ ስለሚፈልግ ይጎትተዋል፤ የተጎተተ ልጅ ሩጫ ሲጠላ ደጋግሜ አይቻለሁ። የጅማ ዝናብ ሣሩን ባራሰበት ቀን ደግሞ ኩርባውን ትተው ቀጥ ባለ መስመር ብቻ ያሩጧቸው።