«ስሙን አልጠራሁም» አያድንም

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። ቤት ሊሠራልኝ የተዋዋለ ሰው ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ መሠረት ቆፍሮ ጠፋ። ፌስቡክ ላይ ስሙን ጠቅሼ ጻፍኩ። ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሰኝ። ፍርድ ቤቱም ጉዳዩ እስኪወሰን ስለ እሱ ምንም እንዳልጽፍ በታኅሣሥ አገደኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አልጠራሁም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ስንቱ «በርቺ» አለኝ መሰለዎት! ሐሳብን መግለጽ መብቴ አይደለም ወይ? እግዱን እንዴት ላስነሳ?

መልስ፦ መብትዎ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29። ግን እሱን ብቻ ይዘው ችሎት አይቁሙ። ያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል።

መንገዱ አጭር ነው። ይግባኝ ብለው አይሩጡ። አቤቱታው የሚቀርበው እግዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 158። እግዱ ይነሳልኝ፣ ካልሆነም ይሻሻልልኝ ብለው ይጠይቁ፤ «ምንም እንዳትጽፍ» በጣም ሰፊ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2121 መሠረት እግድ የሚሰጠው ጉዳቱ በካሳ የማይጠገን ሲሆን ነው። የጻፉት እውነት ከሆነ ቁጥር 2047ም ይረዳዎታል፤ ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ብለው ካልጻፉት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። «ስሙን አልጠራሁም» አሉኝ። «አልጻፍኩም» ግን አላሉኝም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዝም ብለው ከሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ሰው «በርቺ» ያለዎት ለምኑ ነው? አይቆጡኝና፣ በቅኔ ወግተውታል መሰለኝ።

ይህ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። አንዱ «መሠረት ቆፍሮ የሚጠፋ ፍልፈል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ጉድጓዱን ፎቶ አንስቶ ያለ ቃል ይለጥፋል። ሌላዋ ስልኩን ለወንድሟ ሰጥታ ታስጽፋለች። ጎንደሬ መቼም ሰምና ወርቅ ይወዳል። ታዲያ እዚህ ከተማ ወርቁን የማያወጣ ዳኛ ያገኛሉ?

እግዱ ስህተት እንኳ ቢሆን እስኪነሳ ድረስ ይከበራል። ባላጋራዎ ያቺን ጽሑፍ አትሞ ለችሎቱ ያቀርባል። ያን ቀን ክርክሩ ስለ ቅድሚያ ክፍያዎ መሆኑ ይቀርና ትእዛዝ ስለ መጣስ ይሆናል፤ ያውም የሚያስቀጣ። ደግሞ ያስቡት፣ «አንሱልኝ» ብለው የሚለምኑት ያንኑ ትእዛዙን የጣሱበትን ፍርድ ቤት ነው።

ስለዚህ መጻፉን ዛሬውኑ ያቁሙ። ወንድምዎም ያቁም። ከታኅሣሥ ወዲህ የወጣውን ሁሉ፣ ቀኑ እንደሚታይ አድርገው ያትሙና ለጠበቃ ያሳዩ። ሳያማክሩ ግን አያጥፉት፤ ማስረጃ ደበቀች እንዳይባል። ጠበቃዎ ከባላጋራዎ ቢሰማው አይወድም፣ እኔም አልወድም።

ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የእግዱን ግልባጭ፣ መጥሪያው የደረሰዎትን ቀን ይያዙ። ሳይጠሩ ታግደው ከሆነ ይህም በአቤቱታው ይግባ። ለጠበቃ አቅም ካነሰዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው፤ እዚያ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ። በእግዱ ሲዋከቡ የዋናው ክስ መልስ ማቅረቢያ ቀን እንዳያልፍዎት። ቅድሚያ ክፍያዎን በተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም ተከሰው ሳለ እርስዎም መልሰው በመክሰስ፣ እዚያው መዝገብ ላይ መጠየቅ ይችሉ እንደሆነም ጠበቃዎን ሳይጠይቁ አይውጡ።