ደንን ከሥሩ መመልከት፦ ለወጣት የደን ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቦንጋም ሆነ ያዮ ተመድባችሁ ደን ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ነው። 40 ሜትር የሚደርስ አለ፤ ከሌሎቹ ዛፎች ሁሉ አልፎ ብቻውን ሰማይ ላይ ይታያል። አድንቁት፤ ይገባዋል። ሥራችሁን ግን ከመሬት ጀምሩ።

የደቡብ ምዕራቡ ደናችን በደጋና በወይና ደጋ ያለ በመሆኑ ከኮንጎና ከአማዞን ቆላ ደን ይለያል። ደርብ በደርብ መሆኑ ግን ያው ነው። ከቀረሮ ዝቅ ብለው ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማና ሳሳ አናታቸውን ያጋጥማሉ፤ ጉሬዛ የሚዘልለው፣ ንብ አናቢው ቀፎውን የሚሰቅለው እዚያ ነው። ከነሱ ሥር ብርብራ፣ ከብርብራ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። በዚህ ሁሉ መካከል ሐረጉ ይተበተባል። ከፋዎች ቡቶ የሚሉት ዛፍማ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይበቅልም፤ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጀምሮ ሥሩን ወደ ታች ይሰድዳል። የከፋ ነጭ ማር የሚገኘው ከዚህ ዛፍ አበባ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለብርሃን ነው። በዝናብ ደን ውስጥ አናት ላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ብሳና እንዲህ ያለውን ጥላ አይችልም፤ ደኑ ሲከፈት ፈጥኖ የሚበቅለው ለዚህ ነው። የቀረሮ ነገር ሌላ ነው። ዘሩ ደርቆ ለዓመታት የሚቀመጥ አይደለም፤ ወድቆ ቶሎ ካልበቀለ ይሞታል። ከበቀለ ግን ቡቃያው ጥላውን ችሎ፣ እምብዛም ሳያድግ ይቆያል። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ ያን ጊዜ ይመዘዛል። እንግዲህ የነገው ቀረሮ ያለው ቁመቱ ከጉልበታችሁ በማያልፍ ቡቃያ ውስጥ ነው።

ምንጣሮው የሚያገኘውም እሱን ነው። ገበሬው ከቡና ለቀማ በፊት ሥር ሥሩን ይመነጥራል፤ ቡናው አየርና ብርሃን አግኝቶ እንዲያፈራ ነው። እኔ ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ቡና ነው። ነገር ግን ከአረሙ ጋር የቀረሮውም የጥቁር እንጨቱም ቡቃያ አብሮ ይሄዳል፣ በየዓመቱ። ከሳተላይት ስታዩት ደኑ ሙሉ አረንጓዴ ነው። ገብታችሁ ስታዩት ሽማግሌ ዛፍና ቡና ብቻ ታገኛላችሁ፤ በመካከል ያለው ትውልድ የለም። ከፋና ያዮ በ2010፣ ሸካ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮው ከነዋሪው አኗኗር ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ) ሆነው ሲመዘገቡ ደስታዬ ትልቅ ነበር። ምዝገባው ግን ገጀራ ፊት ያለውን ቡቃያ በራሱ አያድነውም፤ ስለዚህ የናንተ ሥራ እዚህ ላይ ያስፈልጋል።

ተንበርከኩና ቁጠሩ። የግንድ ውፍረት መለካት ማንም ያስተምራችኋል፤ ቡቃያን መለየት ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የልጅነት ቅጠል ካደገው ዛፍ ቅጠል ጋር ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። ይህን ኮረሪማ ከሚለቅሙ እናቶችና ቀፎ ከሚሰቅሉ አባቶች ተማሩ፤ እነሱ ሳይጎነበሱ ይለዩታል። ስሙን በከፊኛም በኦሮምኛም ጻፉት።

ከዚያ ምንጣሮው ከመጀመሩ በፊት ከባለማሳው ጋር ደኑን አብራችሁ ዙሩ። ያረጀው ጥላ ዛፍ የቱ እንደሆነ እሱ ራሱ ያሳያችሁ። ጥላ ያጣ ቡና አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ በሚቀጥለው እንደሚደክም ያውቃል፤ ስለዚህ «ይህ ሲወድቅ ቡናህን ምን ያጠላዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ጥያቄው የራሱ ነው። በያንዳንዱ ሽማግሌ ዛፍ ዙሪያ ጥቂት ቡቃያ መርጣችሁ በእንጨት ችካል ምልክት አድርጉ፤ መንጣሪዎቹም ሲመጡ እዚያው ተገኙ።