ሞተሩ ይቆያችሁ

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ የአየር ጠባይ የሚለኩ ትንንሽ ሮኬቶችን መሥራት እፈልጋለሁ። ከሞተሩ ልጀምር ወይስ ከኤሌክትሮኒክሱ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ሐሳቤ ቱምባ ሄደ።

ቱምባ በደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የመጀመሪያው ሮኬት ከዚያ የተተኮሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ክፍሎቹን በብስክሌት ያመላልሱ፣ በመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይሠሩ ነበር። ቦታው የተመረጠው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያዘነብልበት መስመር፣ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ነው። ይኸው መስመር የእኛንም አገር ያቋርጣል።

ሕንድ ስማር ለልምምድ ሄድኩ። ያኔ ኤም-100 የሚባለው የሶቪየት ሮኬት በየሳምንቱ ይተኮስ ነበር። የአየር ጠባይ ባሉን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይፈነዳል። ሳተላይት ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ላይ ልዙር ቢል አየሩ ጎትቶ ያወርደዋል። መሣሪያ ይዞ እዚያ መሀል የሚገባው ሮኬት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሮኬቶች መሪ የላቸውም። ገና ሲነሱ ፍጥነታቸው ትንሽ ስለሆነ ንፋስ ይጫወትባቸዋል። ክንፋቸው አፍንጫቸውን ወደ ንፋሱ ያዞረዋል። ንፋሱ ከየብስ ከመጣ ሮኬቱ ወደ መንደሩ ያዘነብላል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ትንሽ ባሉን ይለቀቃል፣ ማዕዘን በሚለካ መነጽር (በቴዎዶላይት) ይታያል፣ ማስወንጨፊያው በዚያ ልክ ይስተካከላል።

ይህን የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ነበሩ። የእርሳሱን ጫፍ በምላሳቸው ነካ አድርገው ማዕዘኑን ይጽፋሉ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሳለ የኮኮናት ዛፎቹን ቀና ብለው አይተው «ቆዩ» ይላሉ። ሁሉም ይቆያል። «ነገ በጠዋት ና፣ ላሳይህ» አሉኝ። እኔ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ የሮኬቱ መረጃ ሲገባ ማየት ፈለግሁ። ቴዎዶላይት የቴክኒሻን ሥራ መሰለኛ! ኋላ ስጠይቅ ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ። ስሌቱን ከመጽሐፍ ተማርኩት። «ቆዩ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮውን እንኳ አፍጥናችሁ ነው የምታዩት። እኔም ለነገሩ የልጅ ልጄ አሳይታኝ ለምጄዋለሁ።

ሞተሩም ኤሌክትሮኒክሱም ይቆያችሁ፤ ከንፋሱ ጀምሩ። ሒሳብ አጥኑ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ባሉን የሚለቁ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች አገራችንም አሉ። አስፈቅዳችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ባሉኑን ያዙላቸው። ሻይ ቢጋብዟችሁ እምቢ አትበሉ፤ ዋናው ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው።