አረብኛ ሳንችል እንዴት ገባን? ስለ ድራገን ቦልና ስለ አኪራ ቶሪያማ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሰሞን ስለ ልጅነት ካርቱኖች ጥቂት ነገር ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ አንድ ሰው ሆነ፤ ስለ ጎኩ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የሱና የፈጣሪው ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ድራገን ቦል የጃፓን ማንጋ ነው፣ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፤ እኛ ያየነው ከሱ የተሠራውን ካርቱን ነው፣ በዲሽ፣ በአረብኛ። ጎኩ የተባለ ጅራት ያለው፣ ጉልበቱ የማይቻል፣ ሆዳምና የዋህ ልጅ ሰባት አስማተኛ ኳሶች ፍለጋ ይወጣል፤ ሲያድግ ዓለምን ያድናል። የጻፈውም የሣለውም አኪራ ቶሪያማ ነው። የአገራችንን ወር ካልጠራሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እኛ ሰፈር ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ደጃፍ ተኮልኩለን ነው ያደግነው። አረብኛ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ይገባን ነበር። በእርግጥ ገብቶን ነው ወይስ የራሳችንን ታሪክ ፈጥረን?» (ከኮልፌ)

ሁለቱም ነው። ዝምድናውን ፈጥራችኋል፣ አትደብቁኝ። እኛ ሰፈር ፒኮሎ፣ አረንጓዴው ተዋጊ፣ የጎኩ እንጀራ አባት ነበር፤ ማን እንዳለ ግን እንጃ። ጠቡን፣ ንዴቱን፣ ማን ማንን እንደናቀ ግን በትክክል ነው ያያችሁት። ይሄ የእናንተ ብልጠት ብቻ አይደለም፣ የሰውየው እጅ ነው።

ቶሪያማ በ1955 በአይቺ ግዛት ተወለደ። ማንጋ ከመጀመሩ በፊት ናጎያ ከተማ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ ፖስተር ይሠራ ነበር። ጠዋት ተነስቶ ሥራ መግባት አልሆንልህ አለውና ለቀቀ። ኪሱ ሲራቆት የገንዘብ ሽልማት ያለው የማንጋ ውድድር መጽሔት ላይ አየ፤ ሞከረ። ሽልማቱን አላገኘም። ካዙሂኮ ቶሪሺማ የተባለ አርታኢ ግን ሥዕሉን ወደደለት። ወደደለት ማለት አሞላቀቀው ማለት አይደለም፤ ረቂቅ በረቂቅ ላይ እየመለሰ ነው ያሠራው። ቶሪያማም ቂሙን አልረሳም። «ዶክተር ስላምፕ» በተባለው የመጀመሪያው ታዋቂ ሥራው ላይ የአርታኢውን ፊት ለክፉው ሳይንቲስት ሰጠው።

ፖስተር መንገደኛ ሳይቆም እንዲገባው ተብሎ የሚሠራ ሥዕል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው ከዚያ ድርጅት ይዞት የወጣው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ክፉው ፍሪዛ የጎኩን ጓደኛ ክሪሊንን የገደለበትን ቦታ አስታውሱ። ክሪሊን ወደ ላይ ይነሳል። ጎኩ ቀና ብሎ ያያል። ፍንዳታ። ከዚያ የጎኩ ፊት፤ ጥርሱን ነክሷል፣ ፀጉሩ ቆሟል። ለዚህ አረብኛ ምን ያደርጋል?

ጠቡ የሚካሄድበትን ቦታም ልብ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ጠፍ መሬትና ድንጋይ ነው። ማን የት እንደቆመ፣ ቡጢው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ አንዴ ስታየው ይገባሃል። ስንፍናም አለበት፣ እውነቱን ለመናገር። ሕንፃ መሣል ስለሚሰለቸው ከተማውን ቶሎ ያፈነዳው እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

«ሱፐር ሳይያን ሲሆን ፀጉሩ ለምን ወርቃማ ሆነ? የተለየ ትርጉም አለው?» (ከሐዋሳ)

ሱፐር ሳይያን ጎኩ በንዴት ሲለወጥ የሚይዘው ኃያል መልክ ነው። የፀጉሩ ነገር ግን ጊዜ መቆጠብ ነው፣ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት። ማንጋ የሚታተመው በጥቁርና ነጭ ነው። የጎኩን ጥቁር ፀጉር በየሳምንቱ፣ በየገጹ በቀለም መሙላት የረዳቱ ፈንታ ነበር፤ ቀን ይፈጃል። ፀጉሩ ወርቃማ ከሆነ ባዶውን ይተዋል፣ አለቀ። ዛሬ ልጆች ግድግዳ ላይ የሚሥሉት ያ ፀጉር ረዳቱ እንዲያርፍ ተብሎ የመጣ ነው።

«አክተር አይሞትም ብዬ በደብተር ተወራርጄ ተበላሁ። ጎኩ ሞተ! የዚያን ቀን ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ደራሲው ለምን እንዲህ ጨከነ?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ብቻህን አልተበላህም። ያኔ ፊልም ቤት የተማርነው አንድ ሕግ ቢኖር አክተር እንደማይሞት ነው። ጎኩ የገዛ ወንድሙን ራዲትዝን ከኋላ ጠምዝዞ ይይዛል፣ ፒኮሎ ሁለቱንም ባንድ ጨረር ይበሳቸዋል። ከሁሉም የገረመኝ ሞቶ አለማረፉ ነው። ራሱ ላይ ቀለበት አድርጎ በሰማይ ቤት የእባብ መንገድ ላይ ሲሮጥ እናየዋለን። ለኛ፣ የሞተ ሰው እንዲህ ሲቀለድበት አይተን ለማናውቅ፣ ነገሩ ግራ ነበር።

ጭካኔ ነው ግን አልልም። ቶሪያማ የሩቁን አስቦ አይጽፍም ነበር። ማንጋው የሚታተምበት መጽሔት በየሳምንቱ ይወጣል፣ እሱም በየሳምንቱ ይፈጥራል። አንድ ጊዜ አዳዲስ ክፉ ሮቦቶች አመጣ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሌላው ወፍራም። የድሮው አርታኢ ቶሪሺማ አያቸውና አፌዘባቸው። ቶሪያማ ቀየራቸውና ሁለት ወጣቶች አመጣ። አርታኢውን አሁንም አልጣሙትም። በዚህ መሀል ነው ሴል የተባለው ክፉ የመጣው፣ ኋላ ጎኩን ለሁለተኛ ጊዜ የገደለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለልጁ ለጎሃን ሊያወርሰው ሞክሮ ነበር፤ ጎሃን ለአክተርነት አልሆን ሲለው አባትየውን መለሰው። አየህ፣ ውርርዱ ላይ የበላህ ጓደኛህም ቢሆን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ደራሲውም አያውቅ።

«ፍሪዛ ‹ፕላኔቷ ባምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች› ካለ በኋላ ስንት ቀን ነው የጠበቅነው?» (ከደሴ)

አሥር ክፍል ገደማ! ካርቱኑ ማንጋውን እየደረሰበት ተቸገረ። ቶሪያማ የሚቀጥለውን እስኪሥል ድረስ ካርቱኑን የሚሠሩት ሰዎች ጊዜ መግደል ነበረባቸው። ስለዚህ ይፋጠጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ደመና ይታያል። ማንጋውን ያነበበ ሰው ይሄ ሁሉ ፍዳ የለበትም።

«የ10 ዓመት ልጄ ማንጋውን ግዢልኝ እያለ ነው። ባለቤቴ ስለሚወደው ነው እንጂ እኔ አላውቀውም። ከየት ይጀምር? ለዕድሜውስ ይሆናል?» (ከቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ሙሉው 42 ቅጽ ነው። ጃፓን ውስጥ ከ1984 እስከ 1995 በየሳምንቱ የወጣ፣ ሁሉም ድራገን ቦል ተብሎ የሚጠራ አንድ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲታተም ለሁለት ከፍለውታል። የመጀመሪያው 16 ቅጽ ድራገን ቦል፣ ቀሪው 26 ቅጽ ድራገን ቦል ዚ ይባላል። መጽሐፉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ ብለው እንዳይቆጡት።

የዕድሜው ነገር ላይ ልጠንቀቅ። ጠቡ አያሳስበኝም። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ውስጥ ግን ሴት የሚያሳድድ አንድ ሽማግሌ መምህር አለ። ቀልዱ ያኔም አስቀያሚ ነበር፣ ዛሬም ነው። እርስዎ ወይም አባቱ ቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል። ከዚያ ውጭ ያለው የፍለጋ ጉዞ ለልጅ የተሠራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ የቻይና የጉዞ ተረት ላይ ነው የተነሳው፤ ጦጣው ንጉሥ ጅራት ያለው ልጅ ሆኖ መጣ። የጃኪ ቻን የኩንግፉ ፊልሞች ደግሞ ቀልድና ምቱን ጨመሩለት። ባለቤትዎ ግን «ዚውን ብቻ ግዢለት» ሊልዎት ይችላል። አይስሙት።

«የሞተ ዕለት አለቀስኩ። ባለቤቴ ‹ለማታውቂው ጃፓናዊ!› እያለ ይኸው እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል። ምን ልበለው?» (ከሃያ ሁለት)

ያሹፍ። በነገራችን ላይ የሞተበትን ዕለት አላለቀስሽም። ቶሪያማ ያረፈው የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአድዋ ዋዜማ ነው። ራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ፣ በ68 ዓመቱ። ቤተሰቡ በጸጥታ ቀበረው። ዜናው የወጣው የካቲት 29 ነው፤ ሁላችንም በሳምንቱ ሰማን።

«የማታውቂው» ለሚለው ደግሞ፣ ማን ያውቀው ነበር? ፎቶ መነሳት የማይወድ ሰው ነው። ራሱን ሲሥል እንኳ ትንሽ ሮቦት አድርጎ ነው የሚሥለው። ቶኪዮም አልገባም፤ ተወልዶ ባደገበት አይቺ ሆኖ ሠራ። ዜናው እንደተሰማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቦነስ አይረስ መሀል ከተማ፣ ሐውልቱ ሥር ተሰብስበው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ለምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ ለባለቤትሽ ግን ንገሪው። ጎኩ ሲያቅተው ሕይወት ካለው ሁሉ ጉልበት ይለምናል፣ የሚሰጠው ሰው እጁን ያነሳል። አርጀንቲናዎቹ ያዩት በስፓኒሽ ነው፣ እኛ በአረብኛ፣ እጁ ግን ያው ነው። የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይም በመግለጫ ሐዘን ገልጻለች። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ቶሪያማ ፈርሞ የሰጣቸውን ሥዕል ለሕዝብ አሳይተዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ በልጆች ፕሮግራም ይታይ ስለነበር የዚያ ትውልድ ፈረንሳዊ ሁሉ የጎኩ ልጅ ነው። ባለቤትሽ ፕሬዚዳንቱንም ይሳቅባቸው።

የመጨረሻ ሥራውን ካላየሽው ደግሞ፣ ታሪኩንና ገጸ ባሕርያቱን ራሱ የነደፈው ድራገን ቦል ዳይማ ከሞተ በኋላ በጥቅምት 2024 መታየት ጀምሯል። ጎኩ ተመልሶ ትንሽ ልጅ የሚሆንበት ነው። መሀረብ ይዘሽ ተቀመጪ።

«ሪያድ የድራገን ቦል መዝናኛ ሊሠራ ነው የሚባለው እውነት ነው? ኮንትራቴ ሳያልቅ ይደርስልኝ ይሆን?» (ከሪያድ)

ዕቅዱ እውነት ነው። ሰውየው ካረፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ይፋ የሆነው። ቦታው ከሪያድ ወጣ ብሎ ያለው ቂዲያ ነው፤ ሰባት ክፍል፣ ከ30 በላይ መጫወቻ፣ መሀሉ ላይ 70 ሜትር የሚረዝም ዘንዶ ይኖረዋል ተብሏል። ኮንትራትሽን ግን ለዘንዶ ብለሽ እንዳታራዝሚ።

«ስታስነጥስ ፀጉሯ ተለውጦ ሽጉጥ የምታወጣው ልጅ የት ገባች? ዓመታት ሙሉ ትመለሳለች ብዬ ጠብቄያለሁ።» (ከጎንደር)

ላውንች ናት። እኔም የሆነ ክፍል አምልጦኝ ነው ብዬ ብዙ ፈልጌያታለሁ። ቶሪያማም ተጠይቆ ነበር። ረስቷታል።