«ከጫት የተሠራ ነው» የሚባለው ዱቄት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ፒያሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ነጭ ዱቄት መውሰድ ጀምሯል። «ከጫት የተሠራ ነው፣ ጫት ደግሞ አልተከለከለም» ይለኛል። ሰሞኑን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር አደረ። ሰው ይከታተለኛል እያለ በር ይቆልፋል። እውነት ሕጋዊ ነው? ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ፖሊስ ይይዝብኛል? እህቱ ነኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እኛን የሚያሳስበን የልቡ ምት፣ የደም ግፊቱና ትኩሳቱ ነው።

ዱቄቱ ምን እንደሆነ ሳይመረመር ማወቅ አይቻልም። «ከጫት ነው» የሚለው ወሬ ግን መነሻ አለው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ እየተዳከመ ይሄዳል፤ ጫት ሳይጠወልግ በጥድፊያ ከተማ የሚገባውም ለዚህ ነው። ኬሚስቶች የካቲኖንን ቅርጽ ጥቂት እየቀየሩ በላብራቶሪ የሚሠሯቸው ሰው ሠራሽ ካቲኖኖች አሉ። አንድም ቅጠል አይገባባቸውም። ቃሚ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚመረቅነው፤ ዱቄቱ ግን በአንዴ ይመጣል፣ ቶሎ ይለቃል፣ «ድገመኝ» ይላል። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግም የሚያድረው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሜፌድሮን ነው። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2000ዎቹ በአውሮፓ በኢንተርኔት ይሸጥ ጀመር፤ «የተክል ማዳበሪያ፣ ለሰው የማይሆን» የሚል ጽሑፍ እየተለጠፈበት። ሕጉን ለማምለጥ ነበር። እንግሊዝ በ2010 ከለከለችው፤ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በ2015 ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። አንዱ ሲከለከል ሻጮቹ ሌላ ይቀምማሉ። ስለዚህ የዛሬው ዱቄት ትናንት ከገዛው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ጫት መቃም አልተከለከለም። ካቲኖን ራሱ ተለይቶ ሲወጣ ግን ኢትዮጵያ በተቀበለችው የ1971 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው ዕፆች አንዱ ነው። የወንጀል ሕጋችንም አደንዛዥና አእምሮን የሚለውጡ ዕፆችን ማዘዋወርና መጠቀም ይቀጣል። የጫቱ ፈቃድ ለዱቄቱ አይሠራም።

ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ደረቱን ካመመው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከተምታታበት ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። አያስሩት፤ ሲታገል ሙቀቱ ይብሳል። ልብሱን አቅልለው ነፋሻ ቦታ ያስቀምጡት። ለጨብሲ ብሎ አልኮል፣ ወይም ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ትራማዶል ከእንዲህ ያለ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። የተለመደው የሽንት ምርመራ ብዙ ጊዜ እነዚህን ዕፆች ስለማያሳይ እርስዎ የሚነግሩን ነገር ትልቅ ዋጋ አለው።

ዱቄቱ ከለቀቀው በኋላ ባሉት ቀናት ጭው ያለ ድብርት ሊይዘው ይችላል። ብቻውን አይተዉት። ራሱን ስለመጉዳት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ጥርጣሬው አልለቅ ካለው ወይም ማቆም ካቃተው አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት።